35ን 23 ብላ የምታነብ ልጅ

ፍኖተ ሰላም ልብስ የሚሰፉ አንዲት እናት ጻፉልኝ። የ7ኛ ክፍል ልጃቸው ባር ግራፍ ላይ ተሰናክላለች። ግራፉ በአምስት የገበያ ቀን የተሸጠ ማር በኪሎ ያሳያል። «የትኛው ቀን ይበልጣል?» ሲሏት ቶሎ ትመልሳለች። «ስንት ኪሎ?» ሲሏት ግን 35 የሆነውን 23፣ 50 የሆነውን 42 ትላለች። አስጠኚ ቀጠሩላት። አሁን ደግሞ 41 እና 54 ማለት ጀምራለች። «ጭራሽ ባሰባት፤ ዓይኗን ላስመርምራት ወይ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ዓይኗ ደኅና ይመስለኛል። የመነጽሩን ብር ለጊዜው ያስቀምጡት። ግራፉን ባይልኩልኝም ቁጥሮቹ ይበቁኛል።

23 ማለት 20 እና 3 ነው። 42 ማለት 40 እና 2። ልጅዎ 20ን በትክክል አግኝታለች። ከዚያ በላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጥራ እያንዳንዱን አንድ ኪሎ አደረገችው። ትክክለኛው መልስ 35 ከሆነ ሦስቱ መስመር 15 ነው፤ አንዱ 5። 50ው ላይም ሁለቱ መስመር 10፤ አንዱ አሁንም 5። ስለዚህ ግራፉ 0፣ 20፣ 40፣ 60 እያለ የሚወጣ፣ በየመካከሉ ሦስት ቀጭን መስመር ያለው ነው። ካልሆነ ይውቀሱኝ።

አስጠኚው ምን እንዳደረገም ይታየኛል። ሦስት መስመር ስላየ 20ን ለ3 አካፈለ። ስድስት ምናምን ሲመጣበት ወደ 7 አስጠጋው። 20 ላይ ሦስት ጊዜ 7 ሲደመር 41፣ 40 ላይ ሁለት ጊዜ 7 ሲደመር 54። ይኸው። እንዲህ ያለውን ጥገና ስንቱን አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ! ልጅ የራሷን ስህተት ቶሎ ትተዋለች። ከፍላችሁ ያስተማራችኋትን ስህተት ግን አትለቅም።

መስመር አይቆጠርም። የሚቆጠረው በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። ልጅ ሆኜ አባቴ የጓሮውን አጥር ሊያድስ 20 ሜትር ለካና «በየ5 ሜትሩ ቆፍር» ብሎኝ ገበያ ሄደ። 20 ለ5፣ አራት። ጎበዝ ነኝ ብዬ አራት ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተከልኩ። ሲመለስ ጫፉ ላይ ቋሚ የለም፤ የጎረቤት በሬ ጎመናችን ውስጥ ቆሟል። ያን ቀን የበላሁትን ቁጣ አልረሳውም። ክፍተቱ አራት ነው፤ ቋሚው ግን አምስት። መነሻው ላይ አንድ፣ ከዚያ 5 ላይ፣ 10 ላይ፣ 15 ላይ፣ መድረሻው 20 ላይ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ፣ ግራፉ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው 0 እና 20 ናቸው። መሀል ያሉት ሦስቱ፣ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው። መሀል ላይ ሦስት ቋሚ፣ ግን አራት ክፍተት። 20 ለ4፣ 5።

እርስዎማ ይህን በየቀኑ ይሠሩታል። ከላይኛው ቁልፍ እስከ ታችኛው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና አምስት ቁልፍ ቢተክሉ፣ 40ን ለ5 ያካፍላሉ? ቢያካፍሉ በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ይሆንና የመጨረሻው ቁልፍ 32 ላይ ያልቃል፤ ሸሚዙ ከታች ተከፍቶ ይቀራል። ለ4 ያካፍላሉ፤ በየ10 ይተክላሉ። ስለዚህ አንድ ሸሚዝ ፊቷ ዘርግተው ቁልፉን ሳይሆን ክፍተቱን ያስቆጥሯት።

ከዚያ ወደ ግራፉ። ማስመሪያውን በዓምዱ ራስ ላይ አጋድማ እስከ ግራው መስመር ታድርስና በእርሳስ ምልክት ታድርግ። ከታችኛው ቁጥር እስከ ቀጣዩ ቁጥር በጣቷ እየዘለለች ዝላዩን ትቁጠር። የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ለዝላዩ ታካፍል። ከዚያ መፈተሽ አለ፦ 20፣ 25፣ 30፣ 35፣ 40 ብላ ስትወጣ ቀጣዩ ቁጥር ላይ ልክ ካረፈች ሠርቷል። በ7 ይሞክሩት፤ 27፣ 34፣ 41፣ 48። አራተኛው ዝላይ 40ውን አልፎ ሄደ። አስጠኚው ይህችን ታህል እንኳ አልሞከረም።

አንድ ነገር አደራ። «ስንት እጥፍ ነው?» የሚል ጥያቄ ከመመለሷ በፊት የግራፉን እግር ትይ። ከዜሮ ይጀምራል? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ነው። ግራፉን ከ1,500 ካስጀመሩት የባሕር ዳር ዓምድ 300፣ የማርቆስ 950 ሆኖ ይቆማል። በዓይን ሲታይ ማርቆስ ባሕር ዳርን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። እውነቱ ግን አንድ ከሲሶ ገደማ ነው። ቁጥሩን በትክክል አንብባም በዓይኗ ልትታለል ትችላለች። መጀመሪያ እግሩን!

ስለ ዕቃው ደግሞ ትንሽ ላማርር። ፎቶ ኮፒው የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይጠፋሉ፤ ልጅ የማይታይ ነገር አትቆጥርም። በእርሳስ መልሰው ያስምሩላት። አንዳንዱ ርካሽ የፕላስቲክ ማስመሪያም ጉድ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ሲያስተያዩ 15 ሴንቲ ሜትሩ አይገናኝም፤ ፀሐይ ላይ ከዋለማ ይጎብጣል። ለዚህ ሥራ ቀጥ ካለ ይበቃል። የእርስዎ የእንጨት ማስመሪያ ከሁሉም ይሻላል።

ለልምምድ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ታቁም፦ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እና ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ። ከዜሮ ትጀምር፤ አደራዬን አይርሱ። አንድ ካሬ 500 ሜትር ይሁን፤ ቁጥር የሚጻፈው ግን በየ1,000 ብቻ ነው። በማግስቱ መረጃውን ደብቀው የባሕር ዳሩን ዓምድ ያስነብቧት። «ከ1,500 አልፎ ከ2,000 በታች» ካለች ድናለች። «1,001 ምናምን» ካለች ወደ ሸሚዙ ይመለሱ። 2,000 አልፏል ካለች ግን የአስጠኚው ነው፤ እሱን ያሰናብቱት።