አሜሪካ የሚሰጠው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ፈተና ለድሬዳዋው የባንክ ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል?

ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀው ከዚራ በሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ በቴለርነት እንደሚሠሩ ገልጸው፣ አሜሪካ የሚኖሩት የአጎትዎ ልጅ «ኤስ አይ ኢ» ለሚባለው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ (የአክሲዮን፣ የቦንድና የመሰል ሰነዶች) መግቢያ ፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ እንደላኩልዎና ፈተናውን ቢያልፉ በአገር ቤት የብሮከርነት፣ ማለትም ለደንበኛ እነዚህን ሰነዶች የመግዛትና የመሸጥ፣ ፈቃድ ያስገኝልዎት እንደሆነ ጠይቀውኛል።

አያስገኝም። ፈተናውን የሚሰጠው ፊንራ የተባለው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ነው፤ በዚያም አገር ቢሆን ውጤቱ ለ4 ዓመት ጸንቶ ይቆያል እንጂ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፣ ደንበኛ ለማስተናገድ በዘርፉ የሚሠራ ድርጅት ተፈታኙን ቀጥሮ ለቀጣዩ ፈተና ሊያስመዘግበው ይገባልና። የእኛን ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የመሄድ ሐሳብ ከሌለዎት ለፈተናው ገንዘብ አያውጡ።

መጽሐፉን ግን ያንብቡት። ነጥብ ከሚያዝባቸው 75 ጥያቄዎች 33ቱ ስለ አክሲዮን፣ ቦንድና መሰል ሰነዶች እንዲሁም ስለሚያስከትሉት ሥጋት ናቸው፤ 23ቱ ስለ ግብይት፣ ስለ ደንበኛ ሒሳብና ስለ ተከለከሉ ድርጊቶች ሲሆኑ፣ ስለ ገበያው አሠራር 12፣ ስለ ተቆጣጣሪዎች 7 ብቻ ይቀርባሉ። የአካውንቲንግ ምሩቅ ስሌት ይበዛል ብሎ ይገምታል፤ የሚፈተነው ግን ነገሩን ለሌላ ሰው ማስረዳት እስኪችል ድረስ መረዳቱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በዓመት 90 ብር ወለድ የሚከፍል የ1,000 ብር ቦንድ የያዘ ደንበኛ አለ እንበል። አዲስ የሚወጡ ቦንዶች ከዚያ የበለጠ ወለድ መክፈል ከጀመሩ የእርሱን በ1,000 ብር የሚገዛው አያገኝም፤ በ900 ብር ቢሸጠው ግን ገዢው ባወጣው ገንዘብ ላይ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ያገኛል። የወለድ ምጣኔ ሲወጣ የቦንድ ዋጋ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ቀፊራ ውስጥ ለሚነግድ ዘመድዎ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳይዙ ማስረዳት እስኪችሉ ድረስ ምዕራፉን አይለፉት።

ስለ አሜሪካ የጡረታ ሒሳቦችና ግብር የሚያወሩትን ገጾች ይዝለሏቸው፤ በዚያ ጊዜ አዋጁን ያንብቡ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም ቃላቱን በደብተር እያመሳከሩ መያዝ ይቻላል። በእኛ ከተማ ደላላ የሚለው ቃል የቤትና የመኪና አገናኙን ስለሚያስታውስ ብሮከርን ደላላ ብለው ሲተረጉሙ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ብሮከር በደንበኛው ትእዛዝና ለደንበኛው የሚገበያይ ሲሆን፣ ዲለር ግን በራሱ ገንዘብ ለራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ጥር 2017 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ለሕዝብ ያቀረበውን መግለጫ፣ በተለይም ስለ ሥጋት የሚናገረውን ክፍል፣ ቢያነቡ በመጽሐፉ የተማሩትን በአገርዎ ሰነድ ላይ ያዩታል።

ለማጥናት ብለው ሥራዎን ለመልቀቅ ማሰብዎንም ጽፈዋል፤ እኔ አልደግፈውም። በዘርፉ ቀድመው ፈቃድ ካገኙት መካከል በባንኮች የተቋቋሙ ድርጅቶች ስላሉ፣ ባንክዎ በዘርፉ ለመሰማራት ዕቅድ እንዳለው የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ቢጠይቁ ይሻላል።