ጥያቄና መልስ፦ የጤና ተማሪዎች ከሌላ ሙያ ጋር ለመሥራት ያላቸው አመለካከት

መላሽ፦ ክሊኒካል ፋርማሲ አስተምራለሁ፤ የመመረቂያ ጥናቶችንም አማክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የነርሲንግ ተማሪ፦ መምህር፣ ተማሪዎች ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር ለመማር ያላቸውን ዝግጁነት ሪፕልስ (RIPLS) በተባለው መጠይቅ ልለካ አስቤአለሁ። ይበቃል?

መላሽ፦ ፓርሴልና ብላይ በ1999 ያወጡት ይህ መጠይቅ 19 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስለሚሰጥ ድምሩ ከ19 እስከ 95 ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ድምሩን አስልታችሁ «አመለካከታቸው ጥሩ ነው» ትሉና ጥናቱን ትዘጋላችሁ። የቡድን ሥራ ይጠቅማል ወይ ተብሎ ተጠይቆ አይጠቅምም የሚል ተማሪ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ቀድሜ የማየው የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ነው፦ የነርሶችና የመሰሎቻቸው ሥራ በዋናነት ሐኪሙን ማገዝ ነው የሚለውን፣ የሙያ ድርሻዬ ምን እንደሚሆን እርግጠኛ አይደለሁም የሚለውን፣ ከሌሎች የጤና ተማሪዎች እጅግ የበለጠ እውቀት መያዝ አለብኝ የሚለውን። ተማሪዎቹ አንዱን ሙያ ከሌላው በላይ ወይም በታች ማድረጋቸው የሚገለጠው እዚያ ነው። ሦስቱ እርስ በርስ በደንብ እንደማይጣጣሙ በተለያዩ ጥናቶች ስለታየ፣ በአንድ ድምር ከማቅረብ መልሱን በየሙያው ለይቶ ማሳየት ይሻላል። የአሉታዊዎቹን ዐረፍተ ነገሮች ነጥብ መገልበጥም (5ቱን 1፣ 4ቱን 2 እያደረጉ) አትርሱ።

የሕክምና ተማሪ፦ ለታካሚው በመጨረሻ የሚጠየቀው ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ይምራ ማለት መጥፎ አመለካከት ተብሎ ሊቆጠር ነው?

አዋላጅ ነርስ፦ ወንድሜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምጧን የምትከታተለው አዋላጇ ናት። የጽንሱ የልብ ምት ቀንሷል ስትል «ራውንድ ላይ» (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ) «እናየዋለን» ከተባለች፣ መሪነቱ ምን ፈየደ?

የሕክምና ተማሪ፦ ሁሉም ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) እንደዚያ አይደለም። አንድ ኢንተርን በአንድ ሌሊት ስንት ታካሚ እንደሚጠብቅም ይታሰብ እንጂ!

አዋላጅ ነርስ፦ የእኛስ ብዛት መቼ በቃ?

መላሽ፦ ስለ ሰው ኃይል እጥረት ሌላ ጊዜ ትነጋገራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር መሠረት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ነርሶቹ የየራሳቸውን ሥጋት ይናገራሉ፤ ይህ የማንንም መሪነት አልሻረም።

የፋርማሲ ተማሪ፦ አመለካከት የሚለወጠው በክፍል ትምህርት ነው ወይስ በሥራ ላይ?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በአንድ አዳራሽ አናቶሚ መማር የሙያዎች የጋራ ትምህርት አይባልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እንዳስቀመጠው፣ ተማሪዎቹ አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አብረውም ሊማሩ ይገባል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን) አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ቲቲፒ የምንለውን፣ የተለያዩ ሙያ ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበትን የቡድን ሥልጠና የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ አካል አድርጎታል። እዚያ የአካባቢ ጤና ተማሪው ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ውኃ የሰበሰበው መረጃ ከሌለ የሕክምናው ተማሪ ለተቅማጥ የሚያወጣው ዕቅድ ይጎድላል፤ መከባበር የሚመጣውም አንዱ የሌላው ሥራ እንደሚያስፈልገው በተግባር ሲያይ ነው። ችግሩ ተማሪዎቹ ወደ ዋርድ (ታካሚዎች ወደሚተኙበት ክፍል) ሲመለሱ ነው፦ በራውንድ ላይ የፋርማሲው ተማሪ ስለ መድኃኒት መጠን የሚሰጠውን ሐሳብ አስተማሪው ሐኪም ሳይሰማ ካለፈ፣ ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ የሚቀስሙት ያንን ነው።

ሌላ ተማሪ፦ የሕክምና ተማሪዎች አመለካከት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መላሽ፦ ስንተኛ ዓመት? ከየትኛው ሙያ ጋር? በየትኛው ዋርድ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ አይገኝም።

የላቦራቶሪ ተማሪ፦ ሪፕልስ ብቻ ይበቃል ወይ?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ይነበብ። ድምሩን ብቻ አትዩ።

ጤና መኮንን፦ የደመወዝ ልዩነቱስ አመለካከትን አይጎዳም?

መላሽ፦ ሊጎዳ ይችላል። የእኔ መስክ አይደለም።

የነርሲንግ ተማሪ፦ ከመጠይቁ ጋር ምን ልጨምር?

መላሽ፦ ራውንድ ላይ ቆመሽ መዝግቢ፦ ሐኪም ካልሆኑት ማን ተናገረ፣ ማን ተጠየቀ፣ የማን ሐሳብ በታካሚው ካርድ ላይ ተጻፈ። ያንን በመጠይቁ ከተገኘው መልስ ጎን አስቀምጪው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳትይዢ ግን ዋርድ እንዳትገቢ።