«1984»ን አንብባችሁ ለጨረሳችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ያነበበ ሰው መንገድ ላይ ካሜራ ባየ ቁጥር «ይኸው መጣ!» ማለት ይቀናዋል። በመረጃ ደኅንነት ሙያ ውስጥ ለኖረ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመው ይህ መጽሐፍ በአንድ ነገር አርጅቷል። በየቤቱ ተሰቅሎ የሚያየውና የሚሰማው ቴሌስክሪን ከበስተጀርባው የሚከታተል ሰው ይፈልግ ነበር። ጠዋት በስፖርት ሰዓት በደንብ ጎንበስ ያላለውን ባለታሪኩን ዊንስተንን በስሙና በቁጥሩ ጠርታ የምትጮህበት ሴት አለች፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ ባነሳች ጊዜ ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

የምሥራቅ ጀርመኑ የምስጢር ፖሊስ፣ ስታዚም ሸክሙ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 91,000 የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት፤ በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩት ጆሮ ጠቢዎች ሳይቆጠሩ። የተወው ሰነድ ጎን ለጎን ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የአንድን ሰው ጉዳይ አገላብጦ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዛሬ መዝጋቢው ስልካችሁ ነው፤ ፈላጊውም አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ ውጤቱን ይጠብቃል።

ነገሩን ከቅርብ እንየው። ስልክ ሲበራ ባትደውሉበትም በአቅራቢያው ባለ የኔትወርክ ማማ ላይ ይመዘገባል፤ ያለዚያ ጥሪ ሊደርሰው አይችልም። ሎኬሽን ማጥፋት አፖች ያላችሁበትን እንዳያዩ ያግዛል እንጂ ይህን ምዝገባ አያስቀርም። ሲም ካርድ መቀየርም ብዙዎችን ያታልላል። ቀፎው አይኤምኢአይ የሚባል የራሱ 15 አሃዝ ቁጥር ስላለው፣ አዲሱ ሲም አሮጌው ቀፎ ውስጥ በገባ ቅጽበት ሁለቱ ቁጥሮች ይተሳሰራሉ። «ስማችሁን ከመረጃው አጥፍተነዋል» የሚል ማረጋገጫ ሲሰጣችሁም ተጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ፣ አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ከሌላው ለይተው እንደሚያወጡ አሳይቷል። ሌሊት የሚያድርበት ቤቱ ነው፤ ቀን የሚውልበት ሥራው። ስም ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ከኦርዌል ቀጥሎ ካፍካን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው «ዘ ትራያል» (ችሎቱ) በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ተከሳሹ ክሱ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ፍርድ ቤት ይመላለሳል። የዘመናችን ቁጥጥር እኔ በማየው ለዚህ ይቀርባል። አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። «99 በመቶ ትክክል» የተባለ የፊት መለያ ካሜራ በአንድ ሚሊዮን ሰው ላይ ተተከለ እንበል፤ ከመካከላቸው የሚፈለጉት 100 ናቸው። ካሜራው 99ኙን ይይዛል። ከቀሩት 999,900 ንጹሐን ግን አንድ በመቶውን፣ ማለትም 9,999 ሰው ያለ ጥፋቱ ይጠቁማል። ከመቶ ጥቆማ አንዱ እንኳ በቅጡ እውነት አይሆንም ማለት ነው። (ካሜራ ሻጮች ይህን ሒሳብ አይወዱትም።) የተጠቆመው ሰው ማሽኑ ለምን እንደመረጠው ይጠይቃል፤ ፊቱ የቆመው ፖሊስም አያውቀውም።

«የምደብቀው የለኝም» ለምትሉ ደግሞ የሩሲያዊው ደራሲ የዛምያቲን «እኛ» የተባለ ልብ ወለድ አለ። በመስታወት ቤት የሚኖሩት ዜጎች መጋረጃ የሚያወርዱት በፈቃድ፣ ያውም ለተወሰነ ሰዓት ነው፤ ተራኪው በዚህ ይኮራል እንጂ አያፍርም። ሰውን በደስታ የመግዛትን ሐሳብ ደግሞ በሀክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ውስጥ ራሳችሁ አንብባችሁ ፍረዱ።

አሁን ወደ እጃችሁ። ቴሌግራም ላይ የተለመደው የጽሑፍ ንግግርና ማንኛውም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ) የተመሰጠረ አይደለም፤ መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የተለየው «ሚስጥራዊ ንግግር» የሚባለው ብቻ ሲሆን እሱም ለሁለት ሰው ነው። ሲግናልና ዋትስአፕ ከመነሻው የተመሰጠሩ ናቸው፤ ሆኖም የዋትስአፕ ባክአፕ (የመልእክቶቹ መጠባበቂያ ቅጂ) ምስጠራውን ራሳችሁ ካላበራችሁት ክላውድ ላይ ክፍት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። እናንተ ብታበሩት እንኳ ጓደኛችሁ ካላበራው የእናንተም ቃል እዚያው አለ። ስለዚህ የባክአፑን ምስጠራ ሁለታችሁም አብሩ፤ ጠፊ መልእክትም ተጠቀሙ። ቪፒኤን፣ የኢንተርኔት ግንኙነታችሁን በሌላ ኩባንያ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው አገልግሎት፣ የምትጎበኙትን ከኔትወርክ አቅራቢያችሁ ይሸፍናል፤ ለቪፒኤኑ ባለቤት ግን ይገልጣል፤ ነፃ ከሆነ ከምን እንደሚኖር ጠይቁ። ስልክ ቆልፉ፣ ከስድስት አሃዝ ባላነሰ ቁጥር። አፕዴት አታዘግዩ፤ እንደ ፔጋሰስ ያለ የስለላ ሶፍትዌር ምንም ሳትነኩ ስልክ ውስጥ መግባት የሚችለው ባልተደፈነ ቀዳዳ ነው። የማይክሮፎንና የሎኬሽን ፈቃድንም ለሚያስፈልገው አፕ፣ «በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» ብላችሁ ስጡ። የእጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ የስልክ ማውጫችሁን ከጠየቀ አጥፉት።

ይህ ሁሉ ግን የማማውን መዝገብ አይነካም። እሱን የሚገድበው ሕግ ብቻ ነው፤ ሕግ ሲረቀቅ የምትጠይቁትን ደግሞ እወቁ። ምን ይሰበሰባል? ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማን ይከፍተዋል? የከፈተው ሰው ስምና ሰዓት ይመዘገባል ወይ? በስሕተት የተጠቆመ ሰው ለማን ያመለክታል? መረጃው ስንት ቀን ይቆያል? «90 ቀን» የሚል መልስ ስታገኙ አትርኩ፤ የቆይታው ጊዜ የሚቆጠረው ለዋናው ዳታቤዝ ነው ወይስ ለባክአፑም ጭምር፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት የተላከው ቅጂስ አብሮ ይጠፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚድበሰበሰው እዚህ ላይ ነው።