ማስረዳት ሌላ፣ መተረክ ሌላ

ልጆቼ፣ እንዳርመው ብላችሁ የምትልኩልኝን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ነገር ግራ ያጋባኛል። ልታስረዱኝ ነው ወይስ ልትተርኩልኝ? አንዳንዱ እንደ ተረት ይጀምርና መሃል ላይ የፈተና መልስ ይሆናል።

የመቀሌውን የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ እናንሳ። ዘመኑ 1888 ዓ.ም. ነው፣ ወሩ ጥር። የሚያስረዳ ሰው መልሱን አይደብቅም። «ጣሊያኖች ምሽጉን የለቀቁት ውሃ ጠምቷቸው ነው። ምንጩ ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስያዙት፤ ምሽጉም ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እጅ ሰጠ።» አለቀ። አንባቢው እዚህ ላይ ቢያቆም እንኳ የመጣበትን አግኝቷል።

ተራኪ ግን እንዲህ ከጀመረ ጉድ ሆነ! እሱ ውሃውን ማቆየት አለበት። መጀመሪያ ወገን ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ግንቡ አልደፈር ይላል፣ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንባቢው «አሁንስ ምን ይበጃል?» ብሎ ሲጨነቅ ነው ምንጩ የሚነሳው። ያኔ ቦታውን ማስረዳት ይቻላል፣ ግን በአጭሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትረካ ነው ተብሎ የሌለ ነገር አይፈጠርም። «ወታደሩ ባዶ ኮዳውን ነቀነቀ» ማለት ደስ ይላል፤ ያየ ሰው ካልጻፈው ግን ተዉት። የእውነት ታሪክ ነዋ የምትጽፉት።

የጻፋችሁትን መልሳችሁ ስታነቡ ማያያዣዎቹን ፈትሹ። «ምክንያቱም»ና «ስለዚህ» ከበዙ እያስረዳችሁ ነው። «ከዚያ»፣ «ወዲያው»፣ «ይህን ሲያይ» የሚሉት ከበዙ ትረካ ውስጥ ናችሁ። ሁለቱም ነውር የለበትም። የትኛውን እንደያዛችሁ ሳታውቁ ስትቀሩ ነው አንባቢ የሚጠፋው።

ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚለየውም ይኸው ነው። የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖ ይባላል። አፄ ምኒልክ ከነጦሩ፣ ከነመሣሪያው ለቀቁት። የካቲት 23 ቀን ግን አድዋ ላይ ተመልሶ ተሰልፎ እዚያው ሞተ። ምሽጉ ለምን እንደተለቀቀ ለምታስረዱ ይህ ትርፍ ነገር ነው፣ አውጡት። ለምትተርኩ ግን ሰውየውን ከምሽጉ አስወጥታችሁ ዝም ብትሉ፣ አድማጭ «እሱስ የት ደረሰ?» ብሎ አይለቃችሁም።