ጭራህ በየት እንደሚያልፍ የምታውቀው አንተ ነህ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ መግቢያ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ እቀመጣለሁ። ቡናዋ ግሩም ነው። እውነቱን ካወራን ግን የምሄደው መኪና ለማየት ነው። 34 ዓመት መሪ የያዘ ሰው ከጋቢና ቢወርድም እግሩ አይወርድም። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ፈጠን ብሎ ወደ አደባባዩ ሲገባ ካየሁ፣ ቀኝ እግሬ ሳላዘው መሬቱን ይረግጣል። ሴትየዋ አይታኝ ትስቃለች። «ጋሼ፣ ዛሬም ፍሬን ያዙ?» ትለኛለች።

ይህን የምጽፈው በተለይ ደረቅ መንጃ ፈቃድ አውጥታችሁ ከባድ መኪና ላይ ለመውጣት ለምትጣደፉት ነው። «አንተ» እያልኩ ስጽፍ ሴቶቹንም ማለቴ ነው። በእኔ ጊዜ በመንገዱ ላይ አንዲትም አላየሁም። አሁን አልፎ አልፎ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል።

«የዛሬ ልጅ መንዳት አይችልም» የሚል ሽማግሌ አይደለሁም። ትችላላችሁ። እኛ የጀመርነው በፊያት ኤን ትሬ ነው። መሪውን ስናዞር ትከሻችን ይወልቅ ነበር። ስለዚህ አደባባይ ሳንደርስ ገና ከሩቁ እናስብ ነበር፤ ብልህ ስለሆንን ሳይሆን ስለሚደክመን ነው። እናንተ መሪውን በአንድ ጣት ነው የምታዞሩት። እጃችሁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሐሳቡ በኋላ ይደርሳል።

የማወራችሁ ስለ ጭራ ነው።

ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሲታጠፍ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም። ሁልጊዜ ወደ ታጠፈበት ጎን ይቆርጣል። በረዘመ ቁጥር ይብስበታል። ይህን ማሠልጠኛ ውስጥ ሁሉም ይሰማዋል። አደባባይ ላይ ግን ነገሩ ሦስት ጊዜ ይገለባበጣል። ስትገባ ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ፣ ጭራህ የቀኙን ጠርዝ ይፈልጋል። ከገባህ በኋላ ወደ ግራ ትዞራለህ፣ ጭራህ ወደ አደባባዩ መሐል ይሳባል፣ በግራህ ረድፍ ያለችውን ትንሽ መኪና ይገፋል። ስትወጣ እንደገና ቀኝ ነው፤ ጭራህ ሰው ታክሲ የሚጠብቅበትን ጠርዝ ይልሳል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አንተ ታውቀዋለህ። ከጎንህ ያለው የቪትዝ ሹፌር ግን ከየት ይወቅ? ተሳቢ ጎትቶ አያውቅ።

እኔም ይህን አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ የተማርኩት የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ነው።

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ጭኜ ወደ ቃሊቲ እመጣለሁ። አንድ አደባባይ ላይ ደረስኩ። በመጀመሪያው መውጫ ወደ ቀኝ ታጥፌ መጋዘን መግባት ነበረብኝ። ቀኝ ፍሬቻ አሳየሁ። ጭራዬ ጠርዙ ላይ እንዳይወጣ አፍንጫዬን ሰፋ አድርጌ ወደ ግራ ወሰድኩ። ሁላችንም የምናደርገው ነው። በቀኜ ቤት የሚያሠራ ክፍተት ተከፈተ። ከኋላዬ የነበረው የባጃጅ ልጅ የታየው ይኼ ነው፦ ትልቁ መኪና ወደ ግራ ሄደ፣ ቀኙ ባዶ ነው። ገባ። እኔ ደግሞ አጠፍኩ። ጋቢናው ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኝ ስፖኪዮ የሚያሳይህ የራስህን ኮንቴይነር ብቻ ነው። ሌላ ምንም አይታይም።

ረዳቴ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር። «ቁም! ቁም!» አለና በሩን በጡጫ ደበደበው። ቆምኩ። ስወርድ የተሳቢው ጎማ ባጃጁን ከጠርዙ ጋር አጣብቆታል። የጎኑ ብረት ተጨማድዷል። ውስጥ አንዲት እናት ዩኒፎርም ከለበሰ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም በሌላው ጎን ወጡ። አንድ ሜትር ብጨምር ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሰው አልሆንም ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? በልጁ ላይ ጮህኩበት። «ዓይን የለህም?» አልኩት። ልጁ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ መልስ የለውም። ትራፊክ መጣ፣ ተቀጣሁ፣ አለፈ። ማታ ራት ስንበላ ረዳቴ እንጀራውን እያየ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና በሩን የከፈቱለት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሦስት ቀን አላናገርኩትም። እውነት ስለነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ አነዳዴ ተለወጠ። ከአደባባዩ 50 ሜትር ያህል ሲቀረኝ መጀመሪያ ፍሬቻ፣ ከዚያ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ቦታ መያዝ። ብዙ ልጅ ገብቶ ከዞረ በኋላ ነው ፍሬቻው ትዝ የሚለው። ያ ፍሬቻ ለማን ነው? ለሚቀጥለው አደባባይ?

ወደ ቀኝ የምወጣ ከሆነ በቀኜ የምተወው ክፍተት ባጃጅም ሞተርም የማያስገባ መሆን አለበት። መታጠፊያው ጠቦ ለጭራዬ አልበቃ ካለ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ አልወረወርም። ገና ከሩቁ ሁለቱንም ረድፍ ይዤ ቀስ ብዬ እመጣለሁ። ከኋላ ያለው ክላክሱን ይንፋው። ጎኔ ላይ ሆኖ ከሚጮህ ከኋላዬ ሆኖ ቢነፋ ይሻለኛል።

ቀጥታ ማለፍ ከሆነ ቀኙን ረድፍ ይዞ መግባት ነው። በግራ ካሉት ትንንሾች ራቅ ማለት፣ ጭራው ወደ እነሱ እንደሚሳብ እያሰቡ መዞር። ወደ ግራ ለሚታጠፍና ዞሮ ለሚመለስ የግራው ረድፍ ነው፣ በግራ ፍሬቻ። ከመውጫህ በፊት ያለውን መውጫ ስታልፍ ፍሬቻህን ወደ ቀኝ ቀይር፣ ረዳትህ ጭንቅላቱን ያውጣ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ውጣ። መውጫህ ካመለጠህስ? ዙር። አደባባይ ክብ የሆነው ለዚህ ነው። ለአንድ መውጫ ብሎ ሦስት ረድፍ አቆራርጦ የሚወረወር የከባድ መኪና ሹፌር ሳይ ቡናው ይመረኛል።

የረድፉ ቀለም በብዙ ቦታ ጠፍቷል፣ አውቃለሁ። አንዳንዱ አደባባይ ሲሠራም ተሳቢ ያልፍበታል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም። ይህን ለመንገድ መሐንዲሶች እንተወው። ቀለሙ ቢጠፋም ረድፉ በልብህ ይኑር።

ስለ ቅድሚያ ደግሞ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ አደባባዩ ውስጥ ያለው ያልፋል፣ የሚገባው ይጠብቃል። የመንገዳችን ልማድ ግን «አፍንጫውን ያስቀደመ ገባ» ነው። በዚህ ጨዋታ ከባድ መኪና ሁልጊዜ ያሸንፋል። ማን ይጋፋዋል? ባሸነፍክ ቁጥር ግን አንድ ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሥራ ይገባል። ያንን ሰው አንተ አታየውም። እኔ ከተቀመጥኩበት አየዋለሁ።

መውጫህ ዝግ ከሆነ አትግባ። ይህን ሁለት ጊዜ ብጽፈው ደስ ይለኛል። ትንሽ መኪና ተሳስታ ብትገባ አንድ ረድፍ ትዘጋለች። አንተ ከነጭራህ ከገባህ አደባባዩን በሙሉ ቆለፍከው፤ ከቂሊንጦ የሚመጣውም ከአቃቂ የሚመጣውም ላንተ ሲል ይቆማል። ለከባድ መኪና የተከለከለው ሰዓት አልፎ ሁሉም አንዴ ሲለቀቅማ ጉድ ነው። ዳር ተሰልፎ የዋለ ሹፌር የጠፋበትን ሰዓት አደባባዩ ላይ ሊያስመልስ ይፈልጋል። ሰዓት ግን አደባባይ ላይ አይመለስም።

ስለ ጭነት አንድ ነገር ልጨምር። ቅድም ሦስት ጊዜ ይገለባበጣል ያልኩት ለጭራ ብቻ አይደለም፣ ጭነቱም አብሮ ይገለባበጣል። ስትገባ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ስትዞር ወደ ቀኝ፣ ስትወጣ እንደገና ወደ ግራ። መኪና የሚገለብጠው ይህ መወዛወዝ ነው። ቦቴ የምትነዱ ደግሞ ግማሽ የሞላ ቦቴ ከሞላው እንደሚከፋ አትርሱ፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አንተ ከታጠፍክ በኋላ ነው የሚታጠፈው። አንድ ጊዜ ስንዴ የጫነ መኪና አደባባይ ላይ ጎኑን ተኝቶ አየሁ። ጆንያው ተቀዶ ሹፌሩ እያለቀሰ በእጁ ይሰበስባል። «የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል» የሚለውን ተረት ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። አልሳቅሁም።

ከጅቡቲ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ቱሉ ዲምቱ የራሱ ወጥመድ አለው። ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነድተሃል። ጋላፊን፣ ሚሌን፣ አዋሽን አልፈሃል። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ለጥ ባለ አስፋልት መጥተህ ክፍያ ጣቢያውን ስታልፍ፣ ዓይንህ ፍጥነት ለምዷል። 50 ላይ ሆነህ የቆምክ ይመስልሃል። ልብህ ደግሞ ቤት ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነው። ስለዚህ ዓይንህን አትመን፣ ቆጣሪውን እይ። እኔ ክፍያ ጣቢያው ላይ ስቆም ፊቴን በውሃ እታጠብ ነበር። ረዳቴ ይስቅብኝ ነበር፣ ኋላ ግን እሱም ለመደው።

ስለ ረዳት ካነሳሁ አይቀር፣ ረዳትህን ጎማ ለመቀየርና ሻይ ለማምጣት ብቻ አትያዘው። መሪያችን በግራ ነው። በቀኝ በኩል መስታወት የማያሳይህ ሰፊ ቦታ አለ። እዚያ የተቀመጠው ልጅ ቀኝ ዓይንህ ነው። አደባባይ ስትደርስ ስልኩን ያስቀምጥ፣ ሙዚቃው ይቀነስ፣ መስኮቱ ይከፈት። «ቁም» ሲልህ ለምን ብለህ ሳትጠይቅ ቁም። ተሳስቶ ከሆነ በኋላ ትቆጣዋለህ። ለመናገር የሚፈራህ ረዳት ካለህ ደግሞ አንድ ዓይንህን በገዛ እጅህ አወጣኸው። የኔው ረዳት ዛሬ የራሱን ተሳቢ ይነዳል። ሲያልፍ ካየኝ ክላክስ አይነፋም፣ እጁን ብቻ ያወጣል። ክላክስ እንደማልወድ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። አንድ ቦቴ ከክፍያ ጣቢያው በኩል መጣና አደባባዩ አፍ ላይ ቆመ። ወጣት ነው፣ ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው። አደባባዩ ውስጥ ባጃጆች ተከታትለው ይዞራሉ። አንዱ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከኋላው ያሉት ክላክስ በክላክስ ሆኑ። ልጁ አልነቃነቅ አለ። እኔ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ አያለሁ።

አምስተኛው ባጃጅ መዞሩን ትቶ ቆመና እጁን አውጥቶ «እለፍ» አለው።