የሙሉ ቁጥር ሒሳብ በዳታቤዝ፦ ጥያቄና መልስ

በኩዌሪ (ለዳታቤዝ በሚጻፍ ትእዛዝ) ውስጥ በሙሉ ቁጥር ስለመደመር፣ ስለማባዛትና ስለማካፈል ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝ እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ላይ 7/2 ስል 3 ይለኛል። ግማሹ የት ገባ?

መልስ፦ ተቆርጦ ቀረ። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ከሆኑ መልሱም ሙሉ ነው። ሌሎቹ ዳታቤዞች ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኤስኪውላይትም እንደዚሁ ናቸው። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ግን 3.5 ይሰጣሉ። ነጥቡን ከፈለግክ 7/2.0 ብለህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። እኔም ፖስትግሬስ ነው የምጠቀመው። የዋጋ ኮለሜ (ዓምዴ) ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ነው። 15 በመቶ ቫት ለማስላት ዋጋ * (15/100) ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ዜሮ ወጣ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጉዱ ያለው ቅንፉ ላይ ነው። መጀመሪያ 15/100 ይሰላል፤ እሱ ደግሞ በሙሉ ቁጥር ዜሮ ነው። ዜሮን በምንም ብታባዢው ያው ዜሮ ነው። ቅንፉን አውጪና ዋጋ * 15 / 100 በዪው።

ይህ ብቻ ግን አይበቃም። የ250 ብር ቫት 37.50 ነው፤ ኩዌሪሽ 37 ይላል። ሃምሳ ሳንቲሟ በየደረሰኙ ስትጠፋ ሒሳብ ክፍሉ ማመሳከር ያቅተዋል። ስለዚህ ዋጋውን በሳንቲም አስቀምጪ፦ 25000 * 15 / 100 = 3750፣ ልክ። የሳንቲም ሽርፍራፊ የሚመጣበትም አለ። 3333 ሳንቲም ቫቱ 499.95 ነው፣ ተቆርጦ 499 ይሆናል። (ዋጋ * 15 + 50) / 100 ካልሽው ግን ተጠጋግቶ 500 ይመጣል። ለተመላሽ ዕቃ፣ ማለትም ለኔጌቲቭ ዋጋ፣ 50ውን ቀንሺ እንጂ አትደምሪ። ገንዘብን በፍሎት (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት በሚይዝ ዓይነት) ማስቀመጥ ግን በፍጹም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የተማሪዎቼ አማካይ ውጤት 80 ይላል። በካልኩሌተር 80.75 ነው።

መልስ፦ እዚያ የኢንት ኮለም አማካይም ኢንት ነው። ውጤቱን በ1.0 አባዝተህ አማካዩን ውሰድ። ፖስትግሬስ ላይ ይህ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ አካፋዩ ዜሮ ሲሆን ኩዌሪው ይቆማል።

መልስ፦ አካፋዩን በነልኢፍ ጠቅልለው፦ NULLIF(አካፋይ, 0)። ዜሮ ሲሆን መልሱ ነል (ባዶ) ይሆናል፣ ኩዌሪውም አይቆምም።

ጥያቄ፦ በሳንቲም ካስቀመጥን ቁጥሩ አይተልቅም?

መልስ፦ ይተልቃል እንጂ! የኢንት ጣሪያ 2,147,483,647 ነው፤ በሳንቲም ሲሆን 21 ሚሊዮን ብር ከምናምን ማለት ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር የኢንትን ድምር በኢንት ስለሚይዝ የአንድ ወር ሽያጭ ሊያስቆመው ይችላል። ፖስትግሬስ ድምሩን ወደ ቢግኢንት (ከኢንት በጣም የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ወደሚይዝ ዓይነት) ያሳድገዋል፤ ማባዛት ላይ ግን አያሳድግም። ዋጋው ከ1.43 ሚሊዮን ብር ካለፈ ያቺ በ15 ማባዛት ብቻዋን ጣሪያውን ትነካለች። አንድ መኪና ይበቃታል። ኮለሙን ገና ቴብሉ ሲፈጠር ቢግኢንት አድርገው።