ጓሳን ያቆየው አጥር አልነበረም

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ላይ የሚያገኙኝ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ተፈጥሮን ለመጠበቅ ምን እንማር?» ይሉኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በግብርና ሙያ ስለሆነ አፈር፣ ውኃ፣ ደን እያልኩ እንድዘረዝርላቸው ይጠብቃሉ። እሱን ዩኒቨርሲቲው ያስተምራችኋል። እኔ ግን ቅኔ ማሕሌቱንም፣ የሸማኔውንም ቤት ጎብኙ እላለሁ። ይሄኔ «ሽማግሌው ጃጁ» የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አነባለሁ። እስቲ አለመጃጀቴን ላስረዳ።

መንዝ ሂዱና ጓሳን እዩ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጣለለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ አሉበት። ውኃው በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላ ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳል። ይህን መሬት ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል (ከሌላው ቄሮ ጋር አታምታቱት)። የሁለቱ የአካባቢው አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች የየራሳቸውን አባ ቄራ፣ ማለትም የጥበቃውን አለቃ፣ ይመርጡ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሲደርስ በበጋ ይከፈት ነበር። መጀመሪያ ይታጨድ፣ ቀጥሎ ከብት ይገባ፣ ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ተጠቃሚው የሚከፋፈለው በአጥቢያ ስለነበር ቤተ ክርስቲያንም የሥርዓቱ አካል ነበረች።

ሰዎች ስለ ቄሮ ሲያወሩ ሕጉን ብቻ ያነሳሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያ ሣር ምን ይሠራ ነበር? ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። እረኛው ዝናቡን የሚመክትበት ጌሳ ይሠራበታል። አሁን ጌሳ አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ እዩት። ሣሩ ረጅም ካልሆነ አንዱ ረድፍ ሌላውን አይደርብም፤ ውኃ ትከሻ ላይ ይገባል። ያልደረሰ ሣር ለክዳንም አይሆንም። ስለዚህ «ጠብቁ» የሚለው ሕግ ከላይ የወረደ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። ጌሳ የሚሠራው ሰው እጅ ራሱ ያውቀው ነበር። ጥበቡ፣ ሃይማኖቱና መሬቱ የተያያዙት እዚህ ላይ ነው።

በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ጓሳ ግን የሁሉም ሲባል የማንም ሳይሆን ቀረና ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሰው ራሱ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ ይጠብቀው ጀመር። ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ግን ዛሬ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ጌሳው ላስቲክ ነው። ቆርቆሮውን ንቀሉ አልላችሁም፤ በነሐሴ ዝናብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳን መጠገን ምን እንደሆነ የሚያውቅ እንዲህ አይልም። ግን ሣሩን በቀበሮ ፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነገ በምን ይቆረቆርለታል?

የበጉ ነገርም ያው ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (ካባ) ሆኖ ስንት ዘመን ብርዱን መከተ። አሁን ቀለል ያለ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በርካሽ ይገኛል። ሲያረጅ ግን ባና አፈር ይሆናል፣ ያኛው ቦይ ይደፍናል። ገንዘብ ያላችሁ አንድ ባና እዘዙ፤ ለጌጥ ሳይሆን ልትተኙበት።

ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ልመለስ። ድጓ የሚባለው የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ የተሰደረው በዓመቱ ወቅቶች ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ነው። መጀመሪያ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይዜማል። ቀጥሎ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ወንዝ ይመጣል። በነሐሴ ደግሞ እጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ የሚባለው ክፍል አለ፤ የቁራ ጫጩት፣ ደሴት፣ ምግቡን በተስፋ የሚጠብቅ የፍጥረት ሁሉ ዐይን። ነሐሴ በእኛ ደጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎተራው ተሟጧል፣ ገብሱ ገና ነው። ሰው ራሱ በራበው ወር ስለ ቁራ ጫጩት ይዘመራል! እኔ ከዚህ የበለጠ የሥነ ምህዳር ትምህርት አላውቅም። አልፎ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ ሜዳው ሲያብብ ማሕሌቱም የአበባ ይሆናል። ዜማውን ባትችሉት እንኳ ወቅቱን ተከታተሉት። የይፋት ሙስሊም ልጆቼም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም፤ በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) ሲደረግ ውኃ እንዳይባክን ስትማሩ አድጋችኋል።

ደግሞ ሣሉ። አዎ፣ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ። ሁላችሁም አንኮበር ተወልደው የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል እንደሠሩት እንደ አፈወርቅ ተክሌ ሁኑ ማለቴ አይደለም። የሚሥል ሰው ቁጭ ብሎ ያያል፤ ስልክ አውጥቶ ቀጭ አድርጎ አይሄድም። ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮን በትዕግሥት ተከታትለው ያገኙትን ስሙ። ቀበሮው ጭላዳ መሀል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ያህሉ ሙከራ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ልጆቻቸውን ሳይነካ ቀስ እያለ ይራመዳል። ይሄ እንዲሁ በመኪና ሲያልፉ የሚታይ ነገር አይደለም።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ብዙዎቹ ግቢዎች ውስጥ ግርማ ያላቸው ጥዶች አሉ፤ ማንም ደፍሮ አይቆርጣቸውም። ጎንበስ ብላችሁ ግርጌያቸውን እዩ። ብዙ ጊዜ ባዶ መሬት ነው፤ ሽማግሌ እንጂ ልጅ የለም። በግና ፍየል እየገባ ቡቃያውን ይበላዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ጥድ ወንድና ሴት አለው፣ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ኮሶም እንደዚያው ነው። የትኛዋ ዛፍ እንደምታፈራ ለዩና በዙሪያዋ ያለውን መሬት አስከብሩ።

ችግኝ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ባሕር ዛፍማ በፍጹም፤ ስንቱን ቤት ያቆመና ስንቱን ልጅ ያስተማረ ዛፍ ስለሆነ አልረግመውም፣ ግን ቦታው እዚያ አይደለም። ዘርም ከሩቅ አትፈልጉ፤ የእኛ አገር ደን ለሌላውም ተርፏል። የመናገሻ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተተከለው ከእኛው ከወፍ ዋሻ ደን በሄደ ችግኝ ነው ይባላል። መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን አነጋግሩ። ከፈቀዱ የድንጋይ ካብ ካቡ፣ በሩን ዝጉ። ፍየል ካልገባ ጥዱ ራሱ ይበቅላል፤ የወይራውንም ፍሬ ወፎች ያመጡታል። ካቡን በበጋ ጨርሱት፤ በክረምት ጭቃው አያሠራም፣ ሰዉም እርሻ ላይ ነው።